ካፖርቱን አውልቅ

አስር አለቃ ካፖርታቸውን ለወንድ ልጃቸው ያስረከቡት በገዛ እጃቸው ነው። ጠዋቱን ሙሉ በረንዳው ላይ ቁጭ ብለው ሲቦርሹት፣ የላላ ቁልፍ ሲያጠብቁ፣ ኮሌታውን በእርጥብ ጨርቅ ሲያሹ ቆዩ። ኒሻናቸውንም በንጹሕ መሐረብ ጠቅልለው የውስጥ ኪሱ ውስጥ ከተቱት። ልጃቸው ሲመጣ ካፖርቱን እንደ ተኛ ሕፃን በሁለት ክንዳቸው ታቅፈው አቀበሉት።

ልጁን ሰው ሁሉ «ፕሮግራም» ነው የሚለው። ሥራው ዝግጅት ማዘጋጀት ነው። ምርቃት፣ ሠርግ፣ የድርጅት በዓል፣ ምን አለፋችሁ፣ መድረክና ማይክ ባለበት ሁሉ እሱ አለ። ሁለት ቃል ከተናገረ አንዱ «ፕሮግራም» ስለሆነ ቅጽል ስሙ በዚያው ጸደቀ። በዚያ ሰሞን አንድ ትልቅ የኢንሹራንስ ኩባንያ ለአንጋፋ ወታደሮች የክብር ቀን አዘጋጅልኝ ብሎት በደስታ ክንፍ አውጥቶ ነበር።

«አባባ፣ በመስታወት ሣጥን ውስጥ ነው የሚቀመጠው» አለ። «ከላይ መብራት ይበራበታል። ማንም አይነካውም። ከሥሩ የእርስዎ ስም ይጻፋል።»

«ስሜን ተወው» አሉ አስር አለቃ። «የቃሬዛ ተሸካሚ ካፖርት ብለህ ጻፍበት፤ ይበቃል።»

እህቱ በሩን ተደግፋ ታያቸዋለች። የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ናት፤ ከባሏ ከተለያየች ወዲህ የምትኖረው ከአባቷ ጋር ነው።

«ጋሼ፣ መቼ ነው የምትመልሰው?»

«ምነው አንቺ ደግሞ! የሰረቅኩት አስመሰልሽው እኮ!»

«መቼ ነው ያልኩህ።»

«ፕሮግራሙ ባለቀ ማግስት። በቃ?»

ያ ካፖርት እንዲህ በዋዛ ከቤት የሚወጣ ልብስ አልነበረም። አስር አለቃ በጦርነቱ ጊዜ ጠመንጃ አልያዙም፤ ሥራቸው ቁስለኛ መሸከም ነበር። ከፊት አንድ ሰው፣ ከኋላ እሳቸው፣ መሀል ላይ የሚያቃስት ሰው። ቁስለኛ ደግሞ ደም ሲፈሰው ይበርደዋል። ስለዚህ ካፖርታቸውን አውልቀው ለተኛው ያለብሱና ራሳቸው በሸሚዝ ይሄዳሉ። ጦርነቱ አልቆ ሲመለሱ ባለቤታቸው ካፖርቱን አጥበው አጥበው፣ ውኃው አልጠራ ቢላቸው ገንዳው አጠገብ ተቀምጠው አለቀሱ። ጀርባው ላይ ፍንጣሪ የቀደደውን የጣፉትም እሳቸው ናቸው፤ የሚመሳሰል ጨርቅ ስላጡ ከራሳቸው ቡናማ ቀሚስ ቆርጠው። ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ አስር አለቃ ያንን መጣፊያ በመዳፋቸው ሳይዳስሱ ካፖርቱን ወደ ሣጥኑ መልሰው አያውቁም።

የክብሩ ቀን ኩባንያው አዛውንቶቹን የሚያመላልስ አውቶቡስ ተከራየ። ሾፌሯ ስምሪት ክፍል ሄዳ፣ «አባቴ ያሉበት ነው፤ እኔ ልንዳ» ብላ ተመደበች። ጠዋት ከአንጋፋ ወታደሮቹ ማኅበር ጽሕፈት ቤት ደጃፍ ስትደርስ ሁሉም ተሰልፈው ይጠብቋታል፤ ሱፋቸውን ግጥም አድርገው፣ ጫማቸውን አስወልውለው። ደረጃው ከፍ ስለሚል እያንዳንዳቸውን በክንዳቸው ይዛ አሳፈረች። ጆሯቸውን ለመድፍ ገብረው የመጡት «መድፌ» ከፊት ወንበር ተቀመጡ። በጦር ሜዳ ነርስ የነበሩት፣ ዛሬም ማኅበሩ ውስጥ አዛዥ ናዛዥ የሆኑት «ሲስተር» ከጎናቸው።

«ዛሬ ደግሞ ለምን ይሆን የሚያጨበጭቡልን?» አሉ መድፌ እየጮኹ።

ሲስተር ወደ ጆሯቸው ተጠግተው፣ «ስላልሞትን ነው!» አሏቸው።

«እሱስ የኛ ጥፋት አይደለም!»

አውቶቡሱ በሳቅ ተናጋ። አስር አለቃ ብቻ አልሳቁም፤ አልሰሙም። አንገታቸውን ወደ መስኮቱ አዙረው፣ መስታወት ውስጥ የቆመ ካፖርት እያዩ ይመስላል፣ ለራሳቸው ፈገግ ይሉ ነበር። ሾፌሯ በኋላ ማያ መስታወቷ አየቻቸውና እሷም ደስ አላት። በኋላ የባሰ ያንገበገባት ይቺ ፈገግታ ናት።

አዳራሹ ጋ ሲደርሱ ከፊት ለፊቱ በር ቀይ ምንጣፍ ተነጥፏል። ጥበቃው እጁን ዘርግቶ አስቆማቸው።

«በዚህ የክብር እንግዶች ናቸው የሚገቡት። እናንተ በጓሮ በኩል።»

«እነዚህ ምን መሰሉህ?» አለችው ሾፌሯ።

«እኔ ምን ላድርግ እህቴ፣ የታዘዝኩትን ነው።»

በጓሮ ገቡ። የኩባንያው አርማ የታተመበት ሰማያዊ ሻርፕ አንገታቸው ላይ ተጠለቀ። የተቀመጡት ጥግ ላይ ነው፤ ከፊታቸው የካሜራ ማንሻ ተገትሮ ግማሹን መድረክ ጋርዷል። የኩባንያው ሥራ አስኪያጅ እስክትመጣ ይጠበቅ ተባለ። ተጠበቀ። ሽንት ቤት ታች ፎቅ ነው፣ ደረጃው ረጅም ነው፣ ስለዚህ ብዙዎቹ የቀረበላቸውን ውኃ አልነኩም። ሾፌሯ አውቶቡሷ ውስጥ መጠበቅ ሲገባት ግድግዳ ተደግፋ ቀረች። መስታወት ሣጥን ብትፈልግ፣ በመግቢያውም በመድረኩ ዳርም ብትቃኝ አጣች። ምናልባት በኋላ ያወጡት ይሆናል ብላ ራሷን አጽናናች።

በመጨረሻ መብራቱ ጠፋ። ከበሮ ተመታ፣ ከማሽን ጭስ ተለቀቀ፣ ተኩስ በድምፅ ማጉያ አስተጋባ፤ ከአዛውንቶቹ አንዱ ወንበሩን ጨምድዶ ያዘ። ከጭሱ መሀል ደረተ ሰፊ ተዋናይ የእንጨት ጠመንጃ ይዞ ዘለለ። ግራ ይተኩሳል፣ ቀኝ ይተኩሳል፤ የሌለ ጠላት እንደ ቅጠል ያረግፋል። ከዚያ ደረቱን ይዞ ተንገዳገደና በጉልበቱ ወደቀ።

«ለእናንተ ስል ሞትኩ!» ብሎ ጮኸ።

«ማን ነው የሞተው?» አሉ መድፌ።

አስር አለቃ ግን ከወንበራቸው ጫፍ ወጥተው አንገታቸውን አስግገዋል። «ያ… የኔ ነው እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

ሾፌሯ አየች። ካፖርቱ ነው። ቁርጭምጭሚት ይደርስ የነበረው ከጉልበት በላይ ተቆርጧል። የተዋናዩ ጡንቻ እንዲታይ እጅጌው ክርኑ ላይ ተቀድዷል። ደረቱ በሲጋራ እሳት ተበሳስቶ «ጥይት የመታው» ተደርጓል። ከላይ እስከ ታች ቀይ ቀለም ተደፍቶበታል። ተዋናዩ ተገላብጦ ሲወድቅ ጀርባውን አየችው፤ ቡናማው መጣፊያ የለም። ተነቅሎ፣ በቦታው ቀዳዳው ተገምሶ ቀርቷል።

ሰማይ ምድሩ ዞረባት። ሰው እናቱን መቃብር ቆፍረው አውጥተው በአደባባይ ሲያስጨፍሯት ቢያይ የሚሰማው እንዲህ ነው። እጇ እንደ መሪ የሚጨብጠው ፈለገና አጣ።

መብራቱ በራ። ጭብጨባው ቀለጠ። የመድረክ መሪው ማይኩን ይዞ ወደ ጥጉ እየሮጠ መጣ። «አሁን ደግሞ ክቡራትና ክቡራን፣ ይህን ጀብዱ የፈጸሙት እውነተኛው ጀግና መሀላችን ይገኛሉ! አባታችን፣ አንድ የምስጋና ቃል!»

አስር አለቃ ከዘራቸውን ተመርኩዘው ተነሡ። ማይኩን ያዙ።

«አንተ ልጅ» አሉ ወደ መድረኩ። «ካፖርቱን አውልቅ።»

 አንዱ አጨበጨበ፤ ሌላው ተከተለው፤ ሁሉም ተነሥቶ አጨበጨበ። ተውኔቱ መስሏቸዋል።

«አውልቅ ነው የምልህ! የኔ ነው!»

ጭብጨባው ባሰ። ከኋላ የሚያፏጭም ነበር። አንዲት እንግዳ መሐረቧን አውጥታ ዓይኗን ጠረገች። የመድረክ መሪው ማይኩን ከአስር አለቃ እጅ እየመነጨቀ፣ «አንጀት የሚበላ ነው፣ አንጀት የሚበላ!» አለ።

ሾፌሯ እሳት ለብሳ እሳት ጎርሳ ወደ መድረኩ ወጣች። ማንም አላስቆማትም፤ እሷንም ከተውኔቱ ቆጥረዋታል። ተዋናዩ ፊት ቆመች።

«አባቴ ያሉህን አልሰማህም?»

«እህቴ፣ ይሄ ልምምዱ ላይ አልነበረም…» ብሎ አንሾካሾከ።

«አውልቅ!»

ተዋናዩ ፊቷን አየ፣ ቀጥሎም ጥጉ ላይ የቆሙትን ሽማግሌ አየ። ያኔ ገባው። ደም የመሰለው ቀለም ከፊቱ ላይ ሳይጠረግ ካፖርቱን አውልቆ አቀበላት። በካናቴራ ቀረ። «ከዕቃ ግምጃ ቤት የወጣ አሮጌ ልብስ ነው ብለውኝ ነው። በሞቴ አላወቅኩም» አላት። ሙዚቃው በኃይል ተለቀቀና የቀረውን አልሰማችውም።

ከመጋረጃው ጀርባ ወንድሟ ጠበቃት፤ ፊቱ ቲማቲም መስሏል።

«ጉድ ሠራሽኝ! ፕሮግራሙን አበላሸሽው! ሥራ አስኪያጇ ፊት ለፊት ተቀምጣ!»

«መስታወቱ የታለ?»

«ስሚኝ…»

«መስታወቱ የታለ ነው የምልህ! ‹ማንም አይነካውም› አላልክም?»

«የተውኔቱ ዳይሬክተር ነው ሐሳቡን የቀየረው። መስታወት ውስጥ የተንጠለጠለ ልብስ ማን ዞር ብሎ ያያል? ሕይወት ይኑረው ብሎ ነው።»

«ሕይወት? ጥይት ያልነካውን ቦታ በሲጋራ በስታችሁ ነው ሕይወት የሰጣችሁት? የእማዬን ቀሚስ የት ጣላችሁት?»

«የምን ቀሚስ?»

ረስቶታል። እንዲያውም ከመጀመሪያው አያውቀውም። ያን ጊዜ ይቺ ሴት በእጇ የያዘችው ሌላ ነገር ቢሆን ኖሮ ምን እንደምታደርግ እንጃ። የያዘችው ግን ካፖርቱን ነው፣ መዳፏም ገና ባልደረቀ ቀለም ቀልቷል። ደረቱን ገፈተረችው። ነጭ ሸሚዙ ላይ አምስት ጣቷ ታተመ።

«ጨርቅ ነው እኮ!» አለ ሸሚዙን እያየ። «ጨርቅ! እናሰፋዋለን!»

ያኔ ነው ጠረጴዛው ላይ ያለውን ያየችው። በወርቃማ ጥብጣብ የታሰረ ክፈፍ ነው። መስታወቱ ሥር ሰማያዊ ከፋይ፣ ከፋዩ ላይ የአባቷ ኒሻን፣ ከኒሻኑ ሥር የኩባንያው አርማ፤ ከአርማው ሥር «ለክብርት ሥራ አስኪያጃችን ከጀግኖቻችን የተበረከተ» የሚል ጽሑፍ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ቢሮዋ ነው የሚሰቀለው። ስንት ትልቅ ሰው የሚያየው ቦታ ነው። ለአባባ ክብር እኮ ነው!»

«ፈቅደዋል?»

«በኋላ እነግራቸዋለሁ ብዬ…»

እጇን ልትሰድ ስትል ከመድረኩ፣ «አሁን የስጦታ ሥነ ሥርዓት!» የሚል ጥሪ መጣ። ፕሮግራም ካፈርኩ አይመልሰኝ አለ። ክፈፉን ከፊቷ ላፍ አድርጎ፣ ቀይ መዳፍ የታተመበትን ሸሚዙን በኮቱ እየሸፈነ፣ ፈገግ ብሎ ወጣ። የአባቱን ኒሻን በሁለት እጁ አቅርቦ፣ ጎንበስ ብሎ ለሥራ አስኪያጇ ሰጠ። ካሜራው ብልጭ ብልጭ አለ።

አስር አለቃ ጥጋቸው ላይ ሆነው ይህንንም አዩ። አልጮኹም። ሻርፑን ከአንገታቸው አውልቀው ወንበሩ ላይ አስቀመጡ።

«ተነሡ» አሉ ለጓደኞቻቸው።

«ምን አለ?» አሉ መድፌ።

«ተነሥ ነው የሚልህ!» አሉ ሲስተር።

ተነሡ። ከዘራ እያንኳኩ፣ አንዱ ሌላውን እየደገፈ፣ ጓሮውን ትተው በመሀል መተላለፊያው ወደ ፊት ለፊቱ በር ሄዱ። እንግዳው ሁሉ ዞረ። እያንዳንዳቸው ሲወጡ ሻርፓቸውን ጥበቃው ክንድ ላይ ጣል አደረጉ፤ ጥበቃውም እንደ ልብስ መስቀያ ቀጥ ብሎ ቆሞ ተቀበለ። ቀይ ምንጣፉን ረግጠው አውቶቡሱ ጋ ደረሱ። ሾፌሯ ካፖርቱን ታቅፋ ቀድማ በር ከፍታለች።

«እንሂድ አባባ?»

«ቆይ። የኔ ዕቃ ውስጥ ነው ያለው። እሱን ሳልይዝ አልሄድም።»

ብዙም አልቆየ፤ ሥራ አስኪያጇ ራሷ መጣች። ክፈፉን በብብቷ ይዛለች፤ ፕሮግራም ከኋላዋ ኩስ ኩስ ይላል። ከአዳራሹ ጀግኖቹ ከወጡ ማንን አክብሬ ፎቶ ልነሣ ብላ ነው መሰል፣ ፊቷ ላይ ጭንቀት ይነበባል።

«አባቶቼ፣ ምን አጠፋን? ምሳው እኮ ተዘጋጅቷል። ፎቶም አለን።»

«ምን አለች?» አሉ መድፌ።

«ምሳ አለ እያለች ነው!»

«ለተዋናዩ ስጪው! ሲሞት ነው የዋለው!»

ሾፌሯ ከመሪው ተነሥታ በሩ ላይ ቆመች። «በብብትሽ የያዝሽው የአባቴ ነው።»

«የኔ እህት፣ ይሄ በሥነ ሥርዓት የተበረከተልኝ ስጦታ ነው። ልጃቸው ናቸው የሰጡኝ። ተቀርጿል፤ ዜና ላይም ይወጣል። ቅር የሚል ነገር ካለ ሌላ ቀን ቢሮ መጥታችሁ ብንነጋገር…»

«ሌላ ቀን?» የሾፌሯ ድምፅ መንገዱን አቋርጦ ተሰማ። «የሰው ኒሻን ግድግዳሽ ላይ ሰቅለሽ ነው ሌላ ቀን የምንነጋገረው? ለዚህ ኒሻን ምን እንደተከፈለ ታውቂያለሽ? እሱንም ቢሮሽ መጥተን እንንገርሽ?»

ሲስተር ከዘራቸውን እያስቀደሙ ከአውቶቡሱ ወረዱ። ቁመታቸው ከሥራ አስኪያጇ ትከሻ አያልፍም። ፊቷ ቆመው እጃቸውን ዘረጉ፤ ድምፃቸው ታማሚ መርፌ ፈርቶ ሲያለቅስ የሚናገሩበት ዓይነት ነበር።

«አምጪ የኔ ልጅ።»

ሥራ አስኪያጇ ፕሮግራምን አየችው። ፕሮግራም መሬት መሬት አየ። ሰጠቻቸው።

ክፈፉ ከጀርባው በሙጫ ተደፍኗል። ሾፌሯ ከመስኮቱ አጠገብ የተሰቀለውን፣ ለአደጋ ጊዜ መስታወት የሚሰበርበትን መዶሻ ነቀለች። ክፈፉን የእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ አስደግፋ መታችው። መስታወቱ ተንኮታኮተ። ኒሻኑም በሙጫ ስለተለጠፈ ሲላቀቅ ጥብጣቡ ለሁለት ተቀደደ፤ ጀርባው ላይም የሰማያዊ ከፋይ ቁራጭ ይዞ መጣ። ለአባቷ አቀበለቻቸው። አስር አለቃ ሳያዩት ኪሳቸው ከተቱት።

«አባባ» አለ ፕሮግራም።

«ንጂ» አሉ አስር አለቃ ለሴት ልጃቸው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ደግሞ ይበልጥ ያናድዳል። ዘመድ አዝማድ ስልክ በስልክ ሆነ። አክስቷ፣ «ምን ቢሆን ወንድምሽ ነው፤ ለልብስ ብላችሁ ነው የምትኳረፉት?» አለቻት። አንድ የሩቅ አጎት፣ «እሱስ ቢሆን አባቱን ሊያስጠራ ፈልጎ አይደል?» አሉ። ሁሉም የሚመክረው እሷን ነው። አጥፊውን የሚመክር ጠፋ። «ረጋ በይ» ባሏት ቁጥር ደሟ ይፈላል። ካፖርቱን ላውንደሪ ወሰደችው፤ ቀለሙ ግማሹ ለቀቀ፣ ግማሹ ሱፉ ውስጥ ሰርጎ የዛገ ብረት መሰለ። ልብስ አጣቢው እንኳ አዘነና፣ «ይሄን ያደረገው ሰው እጁ ይሰበር» አለ። የወንድሟ እጅ እንደሆነ አልነገረችውም። ከዚያን ቀን ወዲህ ግን ጋሼ ብላ ጠርታው አታውቅም።

አንድ እሑድ ፕሮግራም ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ። በላስቲክ የተሸፈነ አዲስ ካፖርት ይዟል፤ ቁልፉ የሚያብለጨልጭ፣ ትከሻው የተደላደለ።

«አባባ፣ ቁርጥ የድሮውን ነው። እንዲያውም ይበልጣል።»

አስር አለቃ ላስቲኩን ገለጥ አድርገው አዩት። «ይሄ የማን ነው?»

«የእርስዎ ነዋ።»

«እኔ ይሄን ለብሼ የት ሄጄ አውቃለሁ? ማንን ሸፍኜበታለሁ?» ላስቲኩን መለሱት። «የቆረጣችሁትን አምጣልኝ።»

«የቱን?»

«ከታች የቆረጣችሁትን። የእናትህንም ቀሚስ። የጣልከው አንተ ነህ፤ ፈልገህ አምጣ። እስክታመጣ ደግሞ አትምጣ።»

ሾፌሯ ወጥ ቤት ሆና ሰማች። አባቷ ደጁን ቢዘጉበት በወደደች። ሰውየው ግን ሄዶ መፈለግ ጀመረ። የቲያትር ልብስ የሚሰፋው ሰውዬ ሱቅ ተመላልሶ፣ የቁርጥራጭ ከረጢት ሲበረብር ሰነበተ። የካፖርቱን ዘርፍ መተኮሻ ጠረጴዛ ላይ ተነጥፎ አገኘው። ልብስ ሰፊው፣ «ወፍራም ሱፍ ነው፤ ለካውያ ይመቻል» ብሎ አንጥፎታል፤ መሀሉ ተቃጥሏል። ቡናማውን መጣፊያ ግን አላገኘውም። ተጠርጎ ወጥቷል።

ያገኘውን ይዞ በመጣ ቀን አስር አለቃ የተቃጠለውን ሱፍ ጭናቸው ላይ ዘርግተው በመዳፋቸው ዳሰሱት። መጣፊያው እንደሌለ ሲነገራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። ሾፌሯ ግን ገነፈለች።

«ጠረጋችሁት! እማዬን በመጥረጊያ ጠረጋችሁት!» ብላ ጮኸችበት፤ ጎረቤት እስኪሰማ። ፕሮግራም አንገቱን ደፋ። 

«መርፌና ክር አምጪ» አሉ አባቷ።

አመጣች። አስር አለቃ ለልጃቸው ሰጡት። «ስፋው።»

«ባለሙያ ሰፊ ልጥራ አባባ፣ እኔ እኮ…»

«ስፋው።»

እናም በየእሑዱ መጥቶ ይሰፋ ጀመር። መርፌ አያያዝ አያውቅም፤ ሱፉ ወፍራም ነው፣ ጣቱን ይወጋል፣ ክሩን ያወሳስበዋል። አንድ ቀን ቀና ሳይል ተናገረ።

«ትምህርት ቤት ሳለሁ ልጆቹ ሁሉ የአባታቸውን ጀብዱ ያወራሉ። ይሄን ገደለ፣ ይሄን ማረከ። እኔን ‹ያባትህ ጠመንጃ የታለ?› ይሉኛል። ምን ልበል? ቃሬዛ ልበል? አንድ ቀን እንኳ ሰው ሁሉ እርስዎን ከነጠመንጃዎ እንዲያይ ፈልጌ ነው።»

«ጠመንጃ አልነበረኝማ» አሉ አስር አለቃ።

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ያን ቀን ያጨበጨቡት ለማን ነው? ለኔ አይደለም። እኔማ አውልቅ ስል አልሰሙኝም።»

ሾፌሯ ወጥ ቤት ሰሃን እያጠበች ነው፤ ሆን ብላ ታንኳኳለች። የልጅነቱን ታሪክ ሰምታ ልቧ እንዲራራ አልፈለገችም። የሰው ልጅ በልጅነቱ ተሰድቦ ያድጋል፤ እሷም ተሰድባለች፤ የእናቷን ቀሚስ ግን አልቀደደችም። ሰሃኑን ደራርባ እጇን ልትጠርግ ስትል የአባቷ ድምፅ ተለወጠባት።

«እዚህ ጋ፣ አሁን በሰፋህበት በኩል፣ የዘፋኙ እግር ነበር። ዘፋኙ ነበር የምንለው። እግሩ ተመትቶ ቃሬዛው ላይ ሆኖ ይዘፍናል። ‹ዝም በል፣ ያገኙናል› ስንለው፣ ‹ካልዘፈንኩ እጮኻለሁ፣ ምረጡ› ይላል።»

«ከዚያስ?»

«እንግዲህ እየዘፈነ ተሸከምነው። እኔ ከኋላ ነኝ፤ ፊቱን የማየው እኔ ነኝ። ካፖርቱ እስከ አገጩ ሸፍኖታል። ዳገቱ ላይ ዘፈኑን አቆመ። ከፊት ያለው ጓደኛዬ፣ ‹ተኛ?› አለኝ። ‹አዎ ተኛ፣ ሂድ› አልኩት። እውነቱን ካልኩት ይወድቃል፤ ደክሞታል። እስክንደርስ ‹ተኛ› እያልኩ ሄድኩ።»

ሾፌሯ ቧንቧውን ዘጋች። ይህን ሰምታ አታውቅም። ስንት ዘመን ከኚህ ሰው ጋር አንድ ጣሪያ ሥር ስትኖር፣ ሐኪም ቤት ስታመላልስ፣ ጥፍራቸውን ስትቆርጥ፣ ዘፋኝ የሚባል ሰው መኖሩን አልነገሯትም። አሁን ግን ካፖርቱን ላስቀደደው፣ ኒሻኑን ላስማረከው፣ ለዚህ ሰውዬ ቁጭ ብለው ይተርኩለታል! ንዴቱ እንደ አዲስ አንገቷ ድረስ መጣ። እጇ ውኃ እያንጠባጠበ ወጣች።

«አባባ፣ ይሄን ለኔ ነግረውኝ አያውቁም።»

«ጠይቀሽኝ አታውቂም።»

«እሱስ ጠይቆ ነው?»

«እሱ እንኳ አልጠየቀም። እጁ ተይዞ ነው፤ መሄጃ የለውም።»

ፕሮግራም ሊስቅ ብሎ ፊቷን ሲያይ ዋጠው። ሾፌሯ ወንበር ጎትታ ከአባቷ በኩል፣ ከሱ ራቅ ብላ ተቀመጠች። የሰፋውን ስቧ አየችው።

«ጠማማ ነው» አለች። «ፍታው።»

«እንደገና?»

«ፍታውና ቀጥ አድርገህ ስፋው።»

«እሺ።»

«እሺ አትበለኝ። አልታረቅኩህም።»

ፕሮግራም ክሩን መፍታት ጀመረ። እሷ ወደ አባቷ ዞረች። እጇን በቀሚሷ ጠረገችና የካፖርቱን አንድ ጫፍ ጭኗ ላይ ሳበች።

«ከመጀመሪያው ይንገሩኝ አባባ» አለች። «ዘፋኙ የት ነው የተመታው? ምን ነበር የሚዘፍነው?»

አስር አለቃ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።